«አይወስድም» ከመባሉ በፊት

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚባለውን ልንገራችሁ። ታካሚው ተሰናብቶ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞር፣ እኔም ተረኛውን ልጠራ ብድግ ስል አንዲት አጭር ቃል ጣል ትደረጋለች፦ «አይወስድም።» መድኃኒቱን ማለት ነው። የሦስት ወር ስኳሩ 9 ላይ ተቸክሎ የቀረ፣ የኪኒኑ መጠን በየጊዜው የተጨመረለት፣ «ኧረ እወስዳለሁ» እያለ የሚምል የሚገዘት ሰው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ይህች ቃል ትጠብቀዋለች። አንዴ ከተጻፈች በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ሐኪምም ሰውየውን በእሷ በኩል ነው የሚያየው።

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥ በአማርኛና በዕብራይስጥ መካከል ቆመን የምንተረጉም ሰዎች ቃሏን ለምደናታል። ስሜንም ክሊኒኩንም ተዉት፤ ከአራቱ ኩፓት ሖሊም፣ ከጤና መድን ድርጅቶቹ ማለቴ ነው፣ የትኛው ነው ብላችሁም አትድከሙ፤ በአንዱ ቤት ብቻ የምትነገር አይደለችም። ሐኪሞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ለአንድ ታካሚ የተመደበላቸው ደቂቃ ጥቂት ነው፤ ከእሱም ላይ ግማሹን ትርጉሙ ይበላዋል።

እውነቱ ይነገር ካልን ደግሞ ቃሏ ልክ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ደህና ሲሰማው የሚያቆም አለ። ከራሱ ቀንሶ ለእኅቱ የሚያካፍል አለ። ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ጾም ሲል ጠዋት የዘለለውን ማታ ደርቦ የሚውጥም አለ። እሱን አልክድም። እኔ የማንሾካሹከው ስለ ሌሎቹ ነው፤ በትክክል እየዋጡ ጠብ ስለማይልላቸው ሰዎች። እነዚህን ከእነዚያ ለመለየት ደግሞ ጠንቋይ አያስፈልግም። ከፋርማሲው የተወሰደው እያንዳንዱ ካርቶን በኩፓው ኮምፒውተር ውስጥ ከነቀኑ ተመዝግቧል። ወር በወር ሲያወጣ የኖረን ሰው «አይወስድም» ከማለት በፊት ያንን ዝርዝር ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥቂቶች ያዩታል። ብዙዎች አያዩትም።

የመድኃኒቱን ከረጢት ታውቁታላችሁ። እማማ ከፕላስቲኩ ውስጥ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ፦ ግሉኮሚን፣ የግፊት፣ የኮሌስትሮል፣ የጨጓራ። ግሉኮሚኑ ላይ ጣታቸውን ጫን ያደርጉና «ሆዴን የምታምሰኝ ይቺ ናት» ይላሉ። ሐኪሙ ቀና ሳይል «ከምግብ ጋር ይውሰዱት በያቸው» ይለኛል። እላቸዋለሁ። እሳቸውም ከምግብ ጋር ነው የምወስደው ይላሉ። እዚያ ላይ ነገሩ ያበቃል።

ግን እዚያ ላይ ማብቃት አልነበረበትም። የግሉኮሚን ውስጡ ሜትፎርሚን ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 እ.ኤ.አ. ለስኳር ሕመም እንደሚያገለግል ካሳወቀ ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚውጠው፣ አዲስ አበባም አሽዶድም ለዓይነት ሁለት ስኳር ቀድሞ የሚታዘዘው ኪኒን። (ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ጉበት ይህን መድኃኒት አይፈጨውም፤ እንደገባ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው በማለፊያው ላይ ነው። መድኃኒቱን ከደም ወደ ጉበት የሚያሳልፉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በር በሏቸው። ዋነኛው ኦ ሲ ቲ 1 ይባላል፣ የሚሠራበትም መመሪያ ኤስ ኤል ሲ 22 ኤ 1 የተባለው ዘረ መል ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ ላይ ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ ትንሽ ለውጥ ያለበት ሰው በሩ ጠበብ ይላል። ኪኒኑ ያው፣ መጠኑ ያው ሆኖ ጉበቱ ጋ የሚደርሰው ግን ከሌላው ሰው ጋር አንድ አይሆንም።

ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ የተባለች ከተማ አለች፤ የአካባቢዋን የስኳር ሕሙማን የሐኪም መዝገብ ከዘረ መላቸው ጋር አያይዘው የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሏት። በ2015 ያሳተሙትን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ከዚህ በር ሁለት ደካማ ቅጂ የወረሱ ሰዎች ሜትፎርሚን ሆዳቸውን አምሶ የማስቆም ዕድሉ ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በሩን የሚያጨናንቅ ሌላ መድኃኒት አብረው የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ። በሩን ያጨናንቃሉ ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ምን አለ መሰላችሁ? እነ ኦሜፕራዞል። ያቺው የእማማ የጨጓራ ካርቶን። ሆዳቸውን ሲያማቸው ለጨጓራ የታዘዘችላቸው ኪኒን ምናልባት የሆድ ሕመሙን ካባባሱት አንዷ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ሁለቱ ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው እንግዲህ «ከምግብ ጋር ይውሰዱት» የምንለው። ይህን ለመጠየቅ የዘረ መል ምርመራም አያስፈልግም፤ ኦሜፕራዞሉ ዛሬም ያስፈልጋቸዋል ወይ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ሜትፎርሚን ይሻላቸዋል ወይ ማለት በቂ ነው። አደራ፣ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እጅ አንዱንም እንዳታቆሙ። ጥያቄውን ግን ይዛችሁ ግቡ።

እነዚያው ዳንዲዎች ከአንድ ዓመት ቀደም ብለው ለሜትፎርሚን ከምንሰጠው ምላሽ ልዩነት እስከ 34 ከመቶ የሚሆነው በውርስ ሊገለጽ እንደሚችል ገምተዋል። የቀረው ኩላሊት ነው፣ ክብደት ነው፣ በሽታው የቆየበት ዘመን ነው፣ በትክክል መዋጥ ነው። «ዘረ መል» ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ ለእኛ ጉዳት አድርጋችሁ አትስሙት። በ2016 ኤስ ኤል ሲ 2 ኤ 2 በተባለ ሌላ ዘረ መል ላይ የተገኘው ለውጥ የሜትፎርሚንን ሥራ የሚያግዝ ነው፤ በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

የእኛስ በር ምን ይመስላል? አዲስ አበባ ላይ መልሱን የፈለጉ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ሰዎች ያሉበት ቡድን በ2023 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ የኦ ሲ ቲ 1 ዘረ መል በኢትዮጵያውያን የስኳር ሕሙማን ላይ አይቶ፣ አንደኛው ለውጥ ከሜትፎርሚን ሕክምና ውጤት ጋር መያያዙን ዘግቧል። የተጠኑት ሰዎች መቶ አይሞሉም፤ በዚያ ብቻ ለማንም ኪኒን አይቀየርም። ቢሆንም በእኛ ሰዎች ላይ፣ በእኛ አገር የተጠየቀ ጥያቄ ነው። አሽዶድ ውስጥ ይህን ወረቀት የጠቀሰልኝ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህ ይልቅ ጠንከር ያለው ማስረጃ ያለው ስኳሩን በሚያወርዱት መድኃኒቶች ላይ ሳይሆን ስኳር የሚያስከትለውን ሕመም በሚያስታግሱት ላይ ነው። ዛሬ ስዊድን ውስጥ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር የሆኑት ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ አክሊሉ በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ሥራ በፋርማኮሎጂ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለ፣ ጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒት የሚፈጭ ኢንዛይም አለ። ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ ደራርበው ተሸክመው ተገኙ። ስዊድናውያን ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ጥናቱ ቤተ እስራኤልን ለይቶ ያየ አይደለም፤ ግን ከጎንደር ወይም ከትግራይ መጥቶ አሽዶድ የተቀመጠን ሰው የሚያክም ሐኪም ይህን ቁጥር ሳያውቅ መቅረቱ ያስቆጫል።

ለምን ያስቆጫል? አባባ ገብተው «ሌሊት እግሬን ይለበልበኛል፣ አንሶላው ሲነካኝ እንኳ ያመኛል» ይላሉ። ስኳሩ ነርቫቸውን ጎድቶታል። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ያዝዛል፣ አንዳንዴ ትራማዶል። ደራርቦ የወረሰ ሰው አሚትሪፕቲሊኑን ቶሎ ይፈጨዋል፤ ደሙ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ስለሚሆን «ምንም አልሠራልኝም» ይላል፤ «አይወስድም» የምትለዋም ትከተላለች። ትራማዶልና ኮዴይን ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። ኢንዛይሙ ወደ ጠንካራው ዓይነት ስለሚቀይራቸው በዚያው ሰው ላይ ከልክ በላይ ይሠራሉ፣ ያፈዝዛሉ፣ ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳሉ። በዘረ መል ውጤት ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያወጡ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ኢንዛይማቸው እጅግ ፈጣን ለሆነባቸው ሰዎች እነዚህን አታዝዙ ይላሉ፤ የቃል ወሬ አይደለም፣ ታትሞ የወጣ ነው። ታካሚው ግን በኢንዛይሙ ስም አያወራም። «አንዷ ምንም አልሠራችልኝ፣ ሌላዋ ግን ራሴን አሳተችኝ» ነው የሚለው። እኔም እሱኑ ነው የምተረጉመው፤ አሁን አሁን ግን ሁለቱን ሳልነጣጥል፣ አንድ ላይ እናገረዋለሁ።

የእሌኒ አክሊሉ ቡድን በ2002 ሌላ ነገር አከለበት፤ እኔን በጣም የያዘኝ ይኸኛው ነው። ኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዘረ መላቸው አንድ ሆነው ሳለ የዚያው ኢንዛይም ሥራ ግን አንድ አልነበረም፤ አገር ቤት ባሉት ዘንድ ዘገም ይላል። የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚኖሩበት አካባቢ ዘረ መሉ ላይ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ታዲያ አሽዶድ ላለ ሰው የአዲስ አበባን ቁጥር እንዳለ መውሰድም አይቻልም፣ የዳንዲንም አይቻልም።

ስኳሩ ራሱ ከሰፈር ጋር እንደሚቀያየር ከእኛ በላይ የሚመሰክር የለም። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል የመጡት፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ በአውሮፕላን የተጓዙት ከ14,000 በላይ ሰዎች ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም። ሆኖም ዳያቤቲስ የተሰኘው የሕክምና መጽሔት በ1988፣ ገና የሰለሞን ዘመቻ ሳይመጣ፣ ወደ እስራኤል በመጡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ላይ ስኳር በብዛት መታየቱን አትሟል። ሐዴራ በሚገኘው ሂሌል ያፌ ሆስፒታል የሆርሞን ሐኪም የሆኑት ዶክተር አናት ያፌ በ1998 ቴኔ ብሪዑት የተባለውን የማኅበረሰቡን ጤና የሚያስተምር ድርጅት ያቋቋሙትም ይህን አይተው ነው። በዚያው ዓመት ከኩፓት ሖሊሞቹ አንዱ የሆነው ክላሊት ኢትዮጵያውያን አገናኞችን ክሊኒክ ውስጥ ያስቀመጠበትን «ሬፉዓ ሽሌማ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። እኔ ዛሬ የምቀመጥባትን ወንበር ያስለመዱት እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይደለም።

በጓዳ የሚባል ሌላ ነገር አለ። «ይሄ ሰው ቀጭን ነው፤ ዓይነት ሁለት ነው ብለህ ታምናለህ?» ሲባባሉ እሰማለሁ። የእኛ ሰው ብዙ ሳይወፍር ስኳር ይይዘዋል፤ የታወቀ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ዳያቤቶሎጂያ በተባለ መጽሔት ላይ ያነሱት ክርክር አለ፦ በገጠር የሚታየው ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ኢንሱሊን የሚያሻው ታካሚ ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የራሱ ዓይነት ስኳር ይዞ ይሆን? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልሞተም። ከዚያ ባሻገር ከአንድ ዘረ መል ብቻ የሚመጣ፣ ከአያት ወደ አባት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስኳር አለ። ኤች ኤን ኤፍ 1 ኤ በተባለው ዘረ መል ምክንያት የታመሙ ሰዎች ላይ በ2003 በእንግሊዝ የተሠራ ጥናት ግሊክላዛይድ የተባለው ርካሽ ኪኒን ከሜትፎርሚን አምስት እጥፍ ገደማ ስኳራቸውን እንደሚያወርድ አሳይቷል። የዘረ መል ምርመራ በስኳር ሕክምና ውስጥ ዛሬ በእርግጠኝነት መድኃኒት የሚያስቀይረው እዚህ ላይ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ስኳር ይዞት፣ አባቱም አያቱም የነበረባቸው ቀጭን ልጅ ስታዩ ይህን ማንሳት ነውር አይደለም። ስለ ኦዘምፒክና መሰሎቹ የሚወራው የዘረ መል ወሬ ግን ገና ጥናት ላይ ነው፤ አልፈዋለሁ።

መለኪያው ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። የሦስት ወር ስኳር የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሉ ዕድሜው ካጠረ ስኳር የሚሰበስብበት ጊዜም ያጥርና ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይወርዳል። ጂ 6 ፒ ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት በአፍሪካ አሜሪካውያን ወንዶች ላይ ይህ ጉድለት የሦስት ወሩን ቁጥር በ0.8 ገደማ ዝቅ እንደሚያደርገው አሳይቷል። አሽዶድ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከሩሲያ የመጡት ተደባልቀው ይቀመጣሉ፤ ጉድለቱ በዓለም ላይ በብዛት ከሚገኝባቸው ሕዝቦች አንዱ የኩርድ አይሁዶች ናቸው፤ ባቄላ ስለሚጎዳቸው አትብሉ እየተባሉ ያደጉ። በእኛ ደገኞች ዘንድ ግን ብርቅ ነው፤ የባቄላ ሽሯችሁን ብሉ። የእኛ ሴቶች ጣጣ ሌላ ነው፤ የብረት ማነስ። እሱ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። በየጠዋቱ በጣት የሚለካው ስኳር ደህና ሆኖ የሦስት ወሩ ከፍ ካለ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ደሙን ማየት ነው።

ስግድ ሲቃረብ የምፈራው ግን እነ ግሊበንክላማይድን ነው፤ አገር ቤት ዳኦኒል የምንላቸውን። ቆሽት ኢንሱሊን እንድትለቅ የሚገፉ ናቸው፤ የተበላ ነገር ኖረም አልኖረም። የሚፈጫቸው ሲ ዋይ ፒ 2 ሲ 9 የተባለ ኢንዛይም ነው። እሱን ደካማ አድርጎ የወረሰ ሰው ደሙ ውስጥ መድኃኒቱ ይከማችና ስኳሩ ደህና ይወርድለታል፤ በጾም ቀን ግን ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል። በ2001 ኢትዮጵያውያንንና ጣሊያኖችን ያነጻጸረ ጥናት ደካማው ቅጂ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በጣም ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ቄሱ ጸሎት ላይ ሳሉ ላብ ያጠመቃቸው ሽማግሌ ሁሉ በድካም አይደለም የሚወድቁት። ከጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ምርመራም ገንዘብም አይፈልግም።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አንመረመርም? የስኳር መድኃኒት ለመምረጥ ተብሎ ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ የዘረ መል ምርመራ ገና በመመሪያ አልገባም፤ ማስረጃው አልሞላም። ያልሞላበት አንዱ ምክንያት ደግሞ እኛ ነን፤ ይልቁንም የእኛ አለመኖር። በዓለም የዘረ መል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ተወላጆች ናቸው፤ የአፍሪካ ተወላጆች ድርሻ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። እስራኤል «ፕሲፋስ» የተባለ፣ መቶ ሺህ ሰው ለማካተት ያለመ ብሔራዊ የዘረ መል ፕሮጀክት አላት።

ግን ደም ስጡ ሲባል ሰዎቻችን ፊታቸው ይለወጣል፤ ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥር 1996 የኢትዮጵያውያን የደም ልገሳ በምስጢር ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ ወጣ፤ ሺዎች ኢየሩሳሌም ወጡ፤ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ያኔ በጎልማሳነታቸው ሰልፍ የወጡት ዛሬ የስኳር ኪኒን የሚውጡት ናቸው። «ያኔ ደፉት፣ አሁን ደግሞ ሊያስቀምጡት ፈለጉ?» የሚሉኝ አባባ አሉ፤ ምን ልመልስላቸው? ሕጉን እነግራቸዋለሁ። ከ2000 ጀምሮ የዘረ መል መረጃ ሕግ አለ፤ አሠሪም ሆነ ኢንሹራንስ ሰውን የዘረ መል ምርመራ አድርግ ብሎ ሊያስገድድ አይችልም። «ሕግማ ያኔም ነበረ» ይሉኛል።

ፈርሙም አትፈርሙም አልልም። የጥናቱን የፈቃድ ቅጽ ቃል በቃል በአማርኛ አነብላቸዋለሁ፤ በማንኛውም ጊዜ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ መውጣት ትችላላችሁ የሚለው ጋ ስደርስ ደግሜ አነበዋለሁ። አንዳንዱ እዚያው ይፈርማል። አንዳንዱ «ልጆቼን ላማክር» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። በዚህ የሚከፋቸው ተመራማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ቁጥር መሙላት አለባቸውና። እኔን ግን አይከፋኝም።